ዞልታን ኮዳይና የሕፃናቱ ዝማሬ

ሕንፃ ሲቆም የተመልካቹን ዐይን የሚስበው ከመሬት በላይ ያለው ክፍል ነው። መሠረቱ ምን ያህል እንደ ጠለቀ፣ ምን ያህል ድካምና ገንዘብ እንደ ፈጀ የሚያውቀው ሠሪው ብቻ ነው። መሠረት ተመልካች የለውም፤ ምስጋናም አያስገኝም። ስለዚህም በየሙያው ስም ያተረፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሽቀዳደሙት ለጣራውና ለፊት ለፊቱ ገጽ ነው።

የሀንጋሪው የሙዚቃ ደራሲ ዞልታን ኮዳይ ከዚህ ልማድ የወጣ ሰው ነበር። ዕድሜው አርባ ዓመት አልፎ፣ ስሙ በአውሮፓ የሙዚቃ አዳራሾች መጠራት በጀመረበት ወቅት፣ ፊቱን ወደ ትምህርት ቤት ልጆች መለሰ። በቀሩት አርባ ሁለት የሕይወት ዘመኑ ዓመታት ለታላላቅ ኦርኬስትራዎች መጻፉን ጨርሶ ባይተውም፣ ከጊዜውና ከሐሳቡ ትልቁን ድርሻ የሰጠው ገና ጥርሳቸውን ለሚለውጡ ሕፃናትና ድምፃቸው መጎርነን ለጀመረ ወጣቶች ነው። ከትምህርት ሰዓት በተረፈች ጊዜ፣ ያለ ውድ መሣሪያ፣ በገዛ ድምፃቸው ብቻ እንዲሠለጥኑ ያደረገው ጥረት ምን እንደ ነበረ፣ ምን እንዳስከፈለውና ምን እንዳፈራ ለመረዳት የሕይወት ታሪኩን ከመነሻው መከተል ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ልጅነቱ

ዞልታን ኮዳይ የተወለደው ዲሴምበር 16 ቀን 1882 ዓ.ም. ኬችኬሜት በምትባል የሀንጋሪ ከተማ ነው። አባቱ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። የባቡር ሠራተኛ ኑሮ ደግሞ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ መዛወር ነውና ቤተሰቡ ሕፃኑን ይዞ በመጀመሪያ ወደ ሶብ፣ ከዚያም በ1885 ዓ.ም. ወደ ጋላንታ ሄደ። ኮዳይ የልጅነቱን ምርጥ ሰባት ዓመታት ያሳለፈው በዚህች ትንሽ ከተማ ነው። ፊደል የቈጠረው በጋላንታ የሕዝብ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ አብረውት የተማሩት አብዛኞቹ በባዶ እግራቸው የሚመጡ የገበሬ ልጆች ነበሩ። የዚያን አገር ዘፈን በመጀመሪያ የሰማው ከእነርሱና ከቤት ሠራተኞች አፍ ነው። በአካባቢው ስሙ የታወቀ የጂፕሲዎች የሙዚቃ ጓድ ነበረና የእርሱም ድምፅ በጆሮው ቀረ። ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1933 ዓ.ም.፣ «የጋላንታ ጭፈራዎች» የተሰኘውን የኦርኬስትራ ድርሰት የጻፈው በዚህ ትዝታ ተነሣሥቶ ነው።

በቤት ውስጥ ሙዚቃ አይጠፋም ነበር። አባቱ ቫዮሊን ይጫወታል፤ እናቱ ፒያኖ ትመታለች፣ ትዘፍናለችም። ሁለቱም ሙያቸው ሙዚቃ አልነበረም፤ የሥራው ሰዓት ሲያበቃ ከወዳጆቻቸው ጋር ተሰብስበው ለራሳቸው ደስታ ይጫወቱ ነበር። በ1892 ዓ.ም. ቤተሰቡ ወደ ናጅሶምባት ከተዛወረ በኋላ ልጁ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እየተማረ በካቴድራሉ መዘምራን ዘንድ ይዘምር ጀመር። ቫዮሊንና ፒያኖ ተማረ። ለቤቱ የአራት መሣሪያዎች ጨዋታ ቼሎ የሚመታ ሰው በመጥፋቱ ቼሎን በራሱ ጥረት አጠና። በ1898 ዓ.ም.፣ ገና በአሥራ ስድስተኛው ዓመቱ መግቢያ ላይ ሳለ፣ የትምህርት ቤቱ ኦርኬስትራ አንድ ድርሰቱን ለሕዝብ አሰማለት።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ኮዳይ እስከ አሥራ ሰባት ዓመቱ ድረስ በሙዚቃ ትምህርት ቤት ደጃፍ አላለፈም። ያገኘው ሥልጠና ሁሉ ከመደበኛው ትምህርት ጎን፣ በትርፍ ሰዓት፣ በቤተ ክርስቲያን መዘምራንና በትምህርት ቤት የሙዚቃ ጓድ ውስጥ የተገኘ ነው። በኋላ ዘመን ስለ ሕፃናት ሥልጠና ያቀረበው ሐሳብ ሁሉ ከዚህ ከራሱ ልጅነት የተቀዳ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ልዩነቱ፣ እርሱ በወላጆቹ ዝንባሌ ያገኘውን ዕድል ባዶ እግራቸውን የነበሩት ጓደኞቹ ሳያገኙት መቅረታቸው ነው።

የሕዝብ ዜማ ፍለጋ

በ1900 ዓ.ም. ኮዳይ ወደ ቡዳፔስት ሄዶ በዩኒቨርሲቲው የሀንጋሪንና የጀርመንን ቋንቋ፣ በሙዚቃ አካዳሚው ደግሞ የሙዚቃ ድርሰት መማር ጀመረ። በዚያን ጊዜ የአገሪቱ የሙዚቃ ትምህርት በጀርመን ወግ የተቀረጸ ነበር። የአካዳሚው የድርሰት መምህር ጀርመናዊ፣ የማስተማሪያ ምሳሌዎቹም የጀርመን ታላላቅ ደራሲያን ነበሩ። የሀንጋሪ ሙዚቃ ተብሎ በቡና ቤቶችና በአዳራሾች የሚሰማው ደግሞ በከተማ ሰዎች የተደረሰ የቅርብ ጊዜ ዘፈን ሲሆን፣ የባላገሩ ጥንታዊ ዜማ ግን በተማሩት ሰዎች ዘንድ ከቁም ነገር የተቈጠረ አልነበረም።

ኮዳይ በ1905 ዓ.ም. ከረጢቱን ተሸክሞ ልጅነቱን ወዳሳለፈበት ወደ ጋላንታ አካባቢ ተመለሰ፤ ከመንደር ወደ መንደር እየተዘዋወረም ሽማግሌዎችና ባልቴቶች የሚዘፍኑትን በኖታ ይመዘግብ ጀመር። ቀጥሎም ድምፅን በሰም ጥቅልል ላይ የሚቀርጸው ፎኖግራፍ ረዳት ሆነው። በ1906 ዓ.ም. የሀንጋሪ ሕዝብ ዘፈን በስንኝ አወቃቀሩ ምን እንደሚመስል በሚያጠና ድርሳን የዶክትሬት ማዕርግ አገኘ። ከቤላ ባርቶክ ጋር የተዋወቀውም በዚያው ሰሞን ነው። ሁለቱ ወጣቶች የማይነጣጠሉ ባልንጀሮች ሆኑ፤ በ1906 ዓ.ም. ሃያ የሕዝብ ዜማዎችን ከፒያኖ አጀብ ጋር በጋራ አሳተሙ፤ የአገሪቱንም አውራጃዎች ተከፋፍለው ዜማ መሰብሰቡን ቀጠሉ።

በዚህ ድካም ካገኙት ውጤት አንዱ፣ የጥንቱ የሀንጋሪ ዜማ በአምስት ድምፆች ላይ የቆመ መሆኑን በማስረጃ ማሳየታቸው ነው። አሮጌዎቹ ዘፈኖች የተሠሩት ግማሽ ድምፅ በማይገባባቸው አምስት ድምፆች ነው። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ የራሳችንም ቅኝቶች በአምስት ድምፅ የተዋቀሩ ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል ሙሉው የትዝታ ቅኝት እንዲሁ ግማሽ ድምፅ የለበትም። ይህ ግኝት በኋላ ለሕፃናት ሥልጠና የመጀመሪያው ድንጋይ ሆነ።

ኮዳይ በበርሊንና በፓሪስ ጥቂት ወራት ቆይቶ ከተመለሰ በኋላ፣ በ1907 ዓ.ም.፣ በሃያ አራት ዓመቱ የሙዚቃ አካዳሚው መምህር ሆነ። በ1910 ዓ.ም. ኤማ የተባለችውን፣ በዕድሜ ወደ ሃያ ዓመት የምትበልጠውን፣ ፒያኖ ተጫዋችና የሙዚቃ ደራሲ የሆነችውን ወይዘሮ አገባ። ትዳራቸው እርስዋ እስከ ሞተችበት እስከ 1958 ዓ.ም. የጸና ነበር።

የመከራ ዓመታት

አንደኛው የዓለም ጦርነት የዜማ ፍለጋውን ጉዞ አሰናከለው። ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1919 ዓ.ም.፣ በሀንጋሪ ለጥቂት ወራት የቆየ የአብዮት መንግሥት ተቋቋመ። ኮዳይ በዚያን ጊዜ በኤርኖ ዶናኒ ሥር የአካዳሚው ምክትል ዳይሬክተር ነበር። መንግሥቱ ሲወድቅ ሥልጣን የያዙት ወገኖች በዲሲፕሊን ክስ መረመሩት፤ ከምክትልነቱ ተነሥቶም ሁለት ዓመት ያህል ከማስተማር ታገደ። በ1920 ዓ.ም. በትሪያኖን ውል ደግሞ አገሪቱ ከቀድሞ ግዛቷ ሁለት ሦስተኛውን አጣች። ጋላንታና ናጅሶምባት ከወሰን ውጪ ሆኑ። ኮዳይ ያደገባቸውና የመጀመሪያዎቹን ዜማዎች የሰበሰበባቸው መንደሮች በሌላ አገር ውስጥ ቀሩ።

በ1923 ዓ.ም. ቡዳና ፔስት አንድ ከተማ የሆኑበት ሃምሳኛ ዓመት ሲከበር፣ የከተማው አስተዳደር ለበዓሉ ድርሰት እንዲጽፉ ዶናኒን፣ ባርቶክንና ኮዳይን ጠየቀ። ኮዳይ ያቀረበው «መዝሙረ ሀንጋሪ» የተሰኘውን፣ ለብቸኛ ድምፅ፣ ለመዘምራንና ለኦርኬስትራ የተደረሰውን ሥራ ነው። ቃሉ የተወሰደው በ16ኛው መቶ ዓመት አንድ የኬችኬሜት ሰው ወደ ሀንጋርኛ በግጥም ከመለሰው ከመዝሙረ ዳዊት 55 ነው። ወዳጆቹ የከዱትና በጠላት የተከበበ ሰው የሚያሰማው ይህ የጥንት ልቅሶ የደራሲውንም የአገሩንም ሐዘን በአንድነት ተሸከመ። ሥራው ኖቬምበር 19 ቀን ሲሰማ ታላቅ ተቀባይነት አገኘ፤ ጥቂት ዓመታትም ሳይቈይ በሌሎች አገሮች መድረኮች ላይ ታየ።

የልጆቹ ድምፅ

በሕይወቱ አቅጣጫ ላይ ለውጥ ያመጣው ነገር የተገኘው ከዚሁ ሥራ ጋር ተያይዞ ነው። «መዝሙረ ሀንጋሪ» እንደ ገና ሲቀርብ በዝማሬው ውስጥ የሕፃናት ድምፅ ገባበት። ለዚህም የተጠራው በቡዳፔስት በቬሼሌኒ መንገድ የሚገኝ ትምህርት ቤት የወንዶች ልጆች የመዘምራን ጓድ ነበር። መሪያቸው እንድሬ ቦሩሽ ይባላል። እነዚህ ልጆች ለሙዚቃ ሙያ የተመረጡ አልነበሩም፤ የተራ ከተሜ ልጆች ነበሩ። ነገር ግን በአግባቡ የሠለጠነ የልጅ ድምፅ ምን ያህል ንጹሕና ጠንካራ ሊሆን እንደሚችል ኮዳይ በጆሮው ሰማ። ወዲያውም ለእነርሱ ሁለት አጫጭር ሥራዎች ጻፈላቸው። አንደኛው የመንደር ልጃገረዶች በጸደይ መግቢያ የሚፈጽሙትን ባህላዊ ጨዋታ የተከተለ ሲሆን፣ ሁለተኛው የሳቅ ዘፈን ነው። ሁለቱም በኤፕሪል 1925 ዓ.ም. ለሕዝብ ቀረቡ።

ከዚያ በኋላ ኮዳይ በየትምህርት ቤቱ ልጆች ምን እንደሚዘፍኑ መመርመር ጀመረ፤ ያገኘውም አስደነገጠው። በመዝሙር መጻሕፍቱ ውስጥ የነበሩት አብዛኞቹ ዜማዎች ከባዕድ የተቀዱና ለልጅ ሲባል የተቀለሉ፣ ቃላቸውም ከሀንጋርኛ አነጋገር ጋር የማይገጥም ነበር። መምህራኑ ኖታ ማንበብ በሚገባ አልተማሩም። ልጆቹ ዘፈኑን በጆሮ እየተቀበሉ እንደ በቀቀን ይደግሙታል፤ ከትምህርት ቤት ሲወጡም ይረሱታል።

በ1929 ዓ.ም. ስለ ሕፃናት መዘምራን ባወጣው ጽሑፍ ይህን ሁኔታ አጥብቆ ነቀፈ። ለአንድ አገር የሙዚቃ ሕይወት በአንዲት ሩቅ የገጠር ከተማ የተመደበው የመዝሙር መምህር ከዋና ከተማው የኦፔራ ቤት ዳይሬክተር የሚበልጥ ቦታ እንዳለው አስረዳ። ምክንያቱም ቀላል ነው። ዳይሬክተሩ ደካማ ከሆነ ወዲያው ይሻራል፤ መጥፎ መምህር ግን ለሠላሳ ዓመት በየዓመቱ የሚመጡትን ሕፃናት የሙዚቃ ፍቅር እየገደለ ይኖራል። መልካም ነገር ለሕፃን አይበዛበትም የሚለውም እምነቱ ከዚህ የመነጨ ነው። ለልጅ የሚቀርበው ዜማ አጭርና ቀላል ሊሆን ይችላል፤ ርካሽ ግን መሆን የለበትም።

ነቀፋውን በሥራ አስከተለው። እርሱ ራሱ ለልጆች መጻፉን ሲቀጥል፣ ላዮሽ ባርዶሽና ጊዮርጊ ኬሬኒን የመሳሰሉ ደቀ መዛሙርቱ በ1931 ዓ.ም. የመዘምራን ድርሰቶች ማሳተሚያ አቋቋሙ። በ1934 ዓ.ም. ደግሞ «ዘማሪ ወጣቶች» የተሰኘው እንቅስቃሴ ተጀመረ። የየትምህርት ቤቱ የመዘምራን ጓዶች ከመደበኛው ትምህርት ጎን ያጠኑትን ይዘው በአንድ አዳራሽ ይገናኛሉ፤ በተራ ይዘምራሉ፤ በመጨረሻም ሁሉም በአንድነት ድምፃቸውን ያሰማሉ። እንቅስቃሴው ከቡዳፔስት ወደ አውራጃ ከተሞች ተስፋፋ። ባርቶክም ሳይቀር በ1935ና በ1936 ዓ.ም. ለሕፃናትና ለሴቶች መዘምራን 27 ሥራዎችን ጻፈ።

ኮዳይ በ1937 ዓ.ም. ባለ ሁለት ድምፅ መልመጃዎችን የያዘውን የመጀመሪያውን ጥራዝ ሲያሳትም መታሰቢያነቱን የሰጠው ለመሳፍንት ወይም ለታላላቅ ሙዚቀኞች አልነበረም። ያበረከተው ለጋላንታ ትምህርት ቤት ባዶ እግር ጓደኞቹ ነው። ከአርባ ዓመት በኋላ፣ ከወሰን ማዶ የቀሩትን እነዚያን ልጆች አልረሳቸውም ነበር።

የሥልጠናው ዘዴ

ዛሬ በዓለም ላይ በኮዳይ ስም የሚጠራው የማስተማሪያ ዘዴ ከአንድ ሰው አእምሮ ተፈልቅቆ የወጣ አይደለም። ኮዳይ በ1927 ዓ.ም. «መዝሙረ ሀንጋሪን» ለመምራት ወደ እንግሊዝ በሄደ ጊዜ የዚያን አገር የመዘምራን ባህል ተመልክቶ ተደንቆ ነበር። በዚያ አገር በ19ኛው መቶ ዓመት ጆን ከርወን ያስፋፋውን የዶ ሬ ሚ አጠራርና የእጅ ምልክት ወሰደ። የዚህም ጥንተ ምንጭ በ11ኛው መቶ ዓመት የነበረው ኢጣሊያዊው መነኩሴ ጊዶ ነው። የምት ርዝመት መለያ የሆኑትን ቃላት ደግሞ ከፈረንሳዮች አገኘ። የኮዳይ ድርሻ እነዚህን ሁሉ በአንድ ዕቅድ አዋሕዶ በሀንጋሪ የሕዝብ ዜማ ላይ ማቆሙ ነው። ዕቅዱን ለክፍል የሚስማማ የትምህርት ቅደም ተከተል አድርጎ በ1944 ዓ.ም. መጽሐፍ ያወጣው ባልደረባው የኖ አዳም ነበር። ኮዳይ በየደረጃው የመልመጃ መጻሕፍት ጻፈ። ባለ ሁለት ድምፅ መልመጃዎቹ በአራት ጥራዝ 180 ሲሆኑ፣ በ1943 ዓ.ም. ያወጣው የንባብ መልመጃ ደግሞ 333 አጫጭር ዜማዎች አሉት።

አሠራሩ በአጭሩ የሚከተለው ነው። ልጁ መሣሪያ ከመንካቱ በፊት ይዘምራል። መጀመሪያ የሚማራቸው ሁለት ድምፆች፣ ማለት ሶ እና ሚ፣ ልጆች በጨዋታ ላይ ሲጠራሩ በተፈጥሮ የሚያወጧቸው ናቸው። በእነዚህ ላይ ላ፣ ቀጥሎም ዶና ሬ ይጨመራሉ፤ አምስቱ ድምፆች ሲሟሉ ልጁ የአያቶቹን ዘፈን በሙሉ መዝፈን ይችላል። ግማሽ ድምፅ የሚያስከትሉት ፋና ቲ የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው፤ ሕፃን በትክክል ለማውጣት የሚቸገረው በእነርሱ ላይ ነውና። ዶ የሚለው ስም በአንድ ቁልፍ ላይ ተቸንክሮ አይቀርም፤ ዜማው ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ቢጀመር ዶ አብሮት ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ልጁ የሚማረው የድምፆችን እርስ በርስ ርቀት እንጂ ለየብቻ የቆሙ ነጥቦችን አይደለም።

መምህሩ ለእያንዳንዱ ድምፅ የተለየ የእጅ ምልክት ያሳያል፤ ልጆቹ ምልክቱን እያዩ ያለ ቃል ያዜማሉ። በቀኝና በግራ እጁ ሁለት የተለያዩ ምልክቶች ሲያሳይ ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ ሁለት ድምፅ በአንድ ጊዜ ያሰማል። አንዳንድ ጊዜም በዜማው መካከል ጸጥ እንዲሉ ይደረግና ዜማውን በልባቸው ቀጥለው በተወሰነ ቦታ ላይ በአንድነት ድምፃቸውን ያወጣሉ። ኮዳይ ለዚህ ውስጣዊ መስማት ትልቅ ግምት ይሰጠው ነበር። በሁለት ድምፅ መዘመርም ለእርሱ የጌጥ ጉዳይ አልነበረም። የሌላውን ድምፅ እየሰማ የራሱን ሳይለቅ የሚዘምር ልጅ ትክክለኛውን ድምፅ ከፒያኖ ሳይጠብቅ ከጓደኛው ጋር በመስማማት ያገኘዋል።

የዚህ ሁሉ ወጪ እጅግ አነስተኛ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ቫዮሊን የመግዛት ዐቅም ያለው ጥቂት ነው፤ ጉሮሮ ግን ሁሉም አለው። ኮዳይ መዝሙርን መሠረት ያደረገበት አንዱ ዋና ምክንያት ይኸው ነበር።

ጦርነቱና ከዚያ በኋላ

ባርቶክ በ1940 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ በ1945 ዓ.ም.ም በዚያው ሞተ። ኮዳይ በአገሩ ቆየ። በ1941 ዓ.ም. በመዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ሙዚቃ ምን ቦታ ሊኖረው እንደሚገባ ያቀረበው ንግግር ታትሞ ወጣ። የቡዳፔስት ከበባ በ1944 ዓ.ም. መጨረሻ ሲጀምር ኮዳይና ሰማንያ ዓመት ያለፋት፣ በትውልዷ አይሁዳዊት የሆነች ባለቤቱ መጀመሪያ በአንድ የመነኮሳይያት ገዳም፣ ቀጥሎም በኦፔራ ቤቱ ምድር ቤት ተጠለሉ። ኮዳይ በዚያ መከራ ውስጥ ሆኖ አንድ የቅዳሴ ሙዚቃ አዘጋጀ። ሥራው በፌብሩዋሪ 1945 ዓ.ም. ከወንዙ ማዶ በቡዳ ውጊያው ገና ሳያበቃ፣ በኦፔራ ቤቱ የካፖርት ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተዘመረ።

ከጦርነቱ በኋላ ኮዳይ ከ1946 እስከ 1949 ዓ.ም. የሀንጋሪ የሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ሆነ። ያገኘውን ክብርና ተሰሚነት ለአሮጌው ዓላማው ተጠቀመበት። በ1950 ዓ.ም. በትውልድ ከተማው በኬችኬሜት፣ ማርታ ነመሴጊ በተባለች መምህርት መሪነት፣ ልጆች በየቀኑ መዝሙር የሚማሩበት የመጀመሪያው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ባለሙያዎችን ለማፍራት የተቋቋመ አልነበረም፤ ሒሳቡም፣ ሰዋስዉም፣ ሳይንሱም እንደ ሌላው ትምህርት ቤት ሁሉ ይሰጥ ነበር። ይህን አርአያ የተከተሉት ትምህርት ቤቶች ኮዳይ በሕይወት ሳለ ከመቶ በላይ ሆነዋል።

በ1951 ዓ.ም. እርሱና ባርቶክ በወጣትነታቸው ያለሙት የሀንጋሪ የሕዝብ ዜማ ታላቅ መድበል የመጀመሪያ ጥራዝ ታተመ። ጥራዙ የጦር ሜዳ ዘፈን ወይም የሠርግ ዘፈን አልያዘም፤ የሕፃናት ጨዋታ ዘፈኖች ነበሩ።

በ1964 ዓ.ም. የዓለም የሙዚቃ ትምህርት ማኅበር ጉባኤውን በቡዳፔስት ሲያደርግ ከየአገሩ የመጡ መምህራን የሀንጋሪ ልጆች ሲዘምሩና ያላዩትን ኖታ ሲያነቡ ተመልክተው ተደነቁ። ዘዴው ወደ ብዙ አገሮች የተሻገረው በተለይ ከዚያ በኋላ ነው። ኮዳይ በ1959 ዓ.ም. ሳሮልታ የተባለች ወጣት አግብቶ ነበር። ማርች 6 ቀን 1967 ዓ.ም. በሰማንያ አራት ዓመቱ በቡዳፔስት ዐረፈ። ልጅ አልወለደም።

ፍሬውና ጉድለቱ

የኮዳይን ሥራ በሚዛን ለመመልከት የሚነቀፍበትንም ማንሣት ተገቢ ነው። በሕዝብ ዜማ ንጽሕና ላይ የነበረው አቋም ጥብቅ ስለ ነበር የከተማውን ተወዳጅ ዘፈን ሁሉ እንደ አረም መቍጠሩ ለብዙ ሰው አልተዋጠለትም። ለድምፅ የሰጠው ቀዳሚነት መሣሪያ ለመማር የሚቸኵለውን ልጅ ሊያሰለች ይችላል የሚሉ መምህራንም አሉ። ከሁሉ የሚከብደው ግን ዘዴው በጥሩ መምህርና በየቀኑ በሚደጋገም ልምምድ ላይ የተመሠረተ መሆኑ ነው። መምህሩ ካልሠለጠነ ወይም የልምምዱ ሰዓት ከተቀነሰ የእጅ ምልክቱ ባዶ ሥርዓት ሆኖ ይቀራል።

ሌላም ጥያቄ ይነሣል። ያን ያህል ተሰጥዎ የነበረው ደራሲ ጊዜውን በልጆች መልመጃ ላይ ባያጠፋ ኖሮ ስንት ሲምፎኒ ይጽፍ ነበር? አንድ ሲምፎኒ ብቻ ጻፈ፤ እርሱንም ያጠናቀቀው በ1961 ዓ.ም.፣ ሰማንያ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ነው። ባርቶክ በኦርኬስትራና በክር መሣሪያዎች ድርሰት እጅግ ቀደመው። ይህ እውነት ነው፤ ኮዳይ የከፈለው ዋጋም ይኸው ነው። ሆኖም የባርቶክንም ሆነ የሌላውን ድርሰት ለመስማት አዳራሹን የሚሞላ ሰው መገኘት አለበት። ይህ ሰው ከሰማይ አይወርድም፤ ስድስትና ሰባት ዓመት ሲሆነው ሊዘጋጅ ይገባዋል።

በ1975 ዓ.ም. በኬችኬሜት በኮዳይ ስም የሙዚቃ ትምህርት ተቋም ተከፈተ፤ ከብዙ አገሮች የሚመጡ መምህራን ይማሩበታል። በ2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ የኮዳይን አስተሳሰብ ተከትሎ በሀንጋሪ የሚከናወነውን የሕዝብ ዜማ ጥበቃ በመልካም ምሳሌነት መዝገብ ላይ አሰፈረው። እነዚህ የሚታዩ ሐውልቶች ናቸው። የማይታየው ግን ከዚህ ይበልጣል። በእነዚያ የትርፍ ሰዓት የመዘምራን ጓዶች ውስጥ ካለፉት ልጆች አብዛኛዎቹ ሙዚቀኞች አልሆኑም። እንደ ኮዳይ አባት በባቡር ጣቢያ ሠሩ፤ አረሱ፤ ድልድይ ሠሩ፤ ሕሙማን አከሙ። ማታ ከሥራ ሲመለሱ ግን ወረቀት ዘርግተው ከጎረቤቶቻቸው ጋር በሁለት ድምፅ ለመዘመር የሚያስችል ዕውቀት ይዘው ቀሩ። ኮዳይ የደከመው ለእነርሱ ነበር።